የሙዚየም ስንቅ

«እህል ሳይቀምሱ ነው የሚገባው ወይስ ቀምሶም ይቻላል?» አሉ እማሆይ ወለተ ሰንበት።

«የት ነው የሚገባው እማሆይ?» አለ መምህር አንሙት ከደብተሩ ቀና ብሎ።

«እዚያ የምትሄዱበት ነዋ፣ ሙዚየሙ! ጠበል ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ ብዬ ጀሪካን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ልጂቱም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትሰር። ልጄ ሥራነሽም ብትሆን ቀኗን ትቁጠር፤ ንጹሕ ሳይሆኑ መሄድ ኋላ ጣጣው ብዙ ነው።»

መምህር አንሙት ስክሪብቶውን አስቀመጠ። አማቱ በዕድሜያቸው ያዩት ሙዚየም አንድ ነው። ጣና ላይ ካለ ገዳም ለንግሥ ሄደው፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በመስታወት የተቀመጠ የንጉሥ ዘውድ አይተዋል። ጫማ አውልቀው፣ ነጠላ አጣፍተው ነው የገቡት። ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ቢያስጠጉ ጠባቂው አባት «ከሩቅ ይሳለሙ እናቴ፣ አይነካም!» ብለው ክው አድርገዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሙዚየም ሲባል የሚታያቸው ያ ነው።

«እማሆይ፣ ይኼኛው የሳይንስ ነው። ዘውድ የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«መሣሪያ አለው፣ መብራት አለው፣ የሚሽከረከር አለው። ሁሉም በእጅ ይነካል። እንዲያውም ካልነኩት አይገባዎትም።»

«ማንም ይነካዋል?»

«ማንም።»

«ያልጾመም? ከመንገድ የመጣም?»

«የፈለገ ይነካዋል እማሆይ።»

«እንግዲያ ምኑን ሙዚየም ሆነ!» አሉና ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወደ ጓዳ ገቡ። ከጓዳ ሆነው ደግሞ፣ «ቢሆንም ሻሹን ትሰር» አሉ።

ሕሊና መደቡ ላይ ተቀምጣ የሻንጣ ዚፕ ትሰፋ ነበር። ድሮ ቢሆን አያቷ እንዲህ ሲሉ ሆዷን ይዛ ትንከባለል ነበር። አሁን ቀና አላለችም፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መርፌውን እንደገና ወጋች። መምህር አንሙት አይቷል። ግን ሰው ደስ ብሎት ሲከርም ብዙ ነገር እያየ ያልፋል፤ አይፈረድበትም።

መምህር አንሙት ይጁቤ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። አስተማረ ስንል እንግዲህ በጠመኔ ነው። ባትሪውን በነጭ ይስላል፣ ሽቦውን በነጭ ይስባል፣ አምፖሉን በነጭ ያንጠለጥላል። «አሁን ማብሪያውን ስንጫነው...» ይልና ጣቱን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ከጋዋኑ ኪስ ቢጫ ጠመኔ መዥረጥ አድርጎ አምፖሉን ያበራዋል። ክፍሉ በጭብጨባ ይናወጣል። ቤተ ሙከራ የተባለው ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁም ሣጥን ነበር፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከሄዱት ርዕሰ መምህራን በቀር የሚያውቅ የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈር ሰው፣ «መምህር፣ እስቲ ያንን ቢጫዎን ወዲህ ይበሉ፤ እሱ እንደሆን ቆጣሪ አያስቆጥር» እያለ ይቀልድበታል። እሱም ይስቃል። ቀልድ የሚችል ሰው ነበር።

ክፍሉ ሲያጨበጭብ የማታጨበጭበው የገዛ ልጁ ነበረች። ሕሊና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አወጣች፤ «መምህር፣» አለችው፣ ክፍል ውስጥ አባዬ አትለውም፣ «ማብሪያውን ሳይጫኑትስ አምፖሉን ቢጫ መቀባት አይቻልም?»

ይቺን ጥያቄ ያልሰማ ሰው ይጁቤ ውስጥ የለም። ማኅበር ላይ አወራት፣ ለቅሶ ቤት አወራት፣ የንስሐ አባቱ ጠበል ሊረጩ ቢመጡ መስቀሉን ሳይሳለም አወራት። ከእሷ ሌላ ልጅ እግዜር አልሰጠውም። የሰጠውን አንድ ደግሞ ከነጥያቄዋ ሰጥቶታል፤ አለመመካት እንዴት ይቻላል?

ከዚያ አገሩ ታመሰ። መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ለሳምንት ነው ተባለ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት ሞላ። በመጀመሪያው ዓመት ሕሊና ጠዋት ጠዋት ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ መጽሐፏን ይዛ ከበር ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ድንጋዩ ላይ ዶሮ ይቀመጥበት ጀመር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መጨረስ የነበረባት ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትምህርቷ ግን አሥረኛ ላይ እንደቆመ ነው።

አንድ የገበያ ቀን መምህር አንሙት ጨው ገዝቶ ገባ። ወረቀቱን ሲፈታው የኦም ሕግ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ቮልቴጁ ከነቀስቱ። ከጎኑ በሰማያዊ ስክሪብቶ «ለምን?» ተብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጽሕፈቱን እንደ ፊቷ ያውቀዋል።

«ሕሊና፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ጠጋ ብላ አየችው። «ጨው ነው፣» አለች።

«ወረቀቱን ነው የምልሽ!»

«ባለ ሱቁ በኪሎ ይገዛል አባዬ። የመጽሐፍ ወረቀት ወፍራም ስለሆነ ይወዱታል፣ ደብተር ግን ይቀደድባቸዋል።» ይህን ስትለው አላፈረችም፣ አላዘነችም፤ የእንቁላል ዋጋ እንደምትነግረው ነበር የነገረችው።

እሱን የጎዳው ይኼ ነው። ብታለቅስ ያባብላት ነበር። ብትቆጣ ይቆጣት ነበር። ያን ዕለት ራት ቀርቦ ጨው የለውም ብሎ ተነሣ። ሥራነሽ ብትቀምሰው ልክ ነው።

እንግዲህ የሙዚየሙ ነገር የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ያለው ያጎቱ ልጅ እንዳላማው፣ ስልክ በሠራበት ቀን፣ ልጆቹን ሳይንስ ሙዚየም እንደወሰዳቸው አጫውቶት ነበር። ስልኩ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ መምህር አንሙት እዚያ ወጥቶ እንደገና ደወለ።

«እስቲ ያንን ነገር ድገምልኝ፣» አለው።

«የቱን?»

«በእጅ የሚነካውን።»

«አንተ ሰው፣ ለዚህ ብለህ ነው ጉብታ የወጣኸው? እጅህን ስታስጠጋበት የሚበራ አለ። ፔዳሉን ስትመታው መብራት የሚያመነጭም አለ። ምን አለፋህ፣ ልጆቹ አንወጣም ብለው አልቅሰው በጉተታ ነው ያወጣናቸው።»

አንወጣም ብለው አለቀሱ። መምህር አንሙት ይቺን ይዞ ከጉብታው ወረደ። ልጁ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በጠመኔ ያልተሳለ መብራት በገዛ እጇ ብታበራ ያ «ለምን?» ተመልሶ ይመጣል ብሎ አመነ። ካልመጣ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። የእሷ እኩዮች ግማሾቹ ተድረዋል፣ ግማሾቹ ደላላ ተከትለው ወጥተዋል። ይህን ግን ለሰው አልተናገረም፤ ለራሱም ጮክ ብሎ አልተናገረው።

እና ዕቅድ አወጣ። መምህር ነውና ዕቅዱን ያወጣው በዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ፎርም ነው፤ ሠንጠረዡን በማስመሪያ አሰመረና ጻፈ። ርዕስ፦ የሳይንስ ሙዚየም ጉብኝት። ክፍለ ጊዜ፦ ረቡዕ ጠዋት። መርጃ መሣሪያ፦ እጅ። ዓላማ በሚለው ሥር ብዙ ሰርዞ ደልዞ በመጨረሻ «ከዚህ ጉዞ በኋላ ተማሪዋ ትጠይቃለች» አለ። ግምገማ የሚለውን ባዶ ተወው።

ረቡዕ ያለው ግን እሱ አይደለም። መጀመሪያ ሲያማክራት «እንደፈለግህ» ብላ ወደ ጥጧ ነበር የዞረችው። ከሳምንት በኋላ ግን ራሷ መጣች።

«አባዬ፣ ማክሰኞ ተነሥተን ረቡዕ ጠዋት እዚያ ብንሆን አይሻልም? መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ።»

እልል ማለት የሴት ነው እንጂ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ሕሊና ሌላ ሰው ሆነች። ሻንጣ አስወረደች፣ ልብሷን አጥባ አሰጣች፣ ጫማዋን አሰፋች። ደብረ ማርቆስ የምትሄድ መኪና ስታገኝ ተሳፍራ ሄዳ ጉርድ ፎቶ ተነሥታ መጣች። «ለመግቢያ ሊጠይቁ ይችላሉ ብዬ ነው» ስትለው፣ «ጎበዝ! አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይኼ ነው!» አላት። ሙዚየም በጉርድ ፎቶ እንደማይገባ ፊዚክስ አያስተምርም መቼም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሊሸኝ መጣ። የይጁቤ ሰው ረጅም መንገድ የሚሄደውን በባዶ እጁ አይሰድም። ለአዲስ አበባ መንገደኛ ግን የሚሰጠው የታወቀ ነው፤ «ይቺን ለልጄ አድርስልኝ»፣ «ይቺን መድኃኒት ከዚያ ፈልግልኝ» ነው። መምህር አንሙትም አደራ ሊመዘግብ ስክሪብቶውን አዘጋጅቶ በር ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የገባችው የግድግዳ ጎረቤታቸው የኔአለም ናት። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ተሰፍቶ፣ ኩንታል የሚያህል ነገር ታቅፋለች። ወለሉ ላይ ስታሳርፈው በርበሬው ሸተተ።

«ለማን ነው የምናደርሰው?» አለ መምህር አንሙት።

«ለማንም አይደል፤ ለናንተው ነው።»

«አዲስ አበባ በርበሬ ጠፋ እንዴ የኔአለም?»

«አይ መምህር፣ ለአዲስ አበባማ...» አለችና ሥራነሽን አየቻት። ሥራነሽ መሬት መሬት አየች።

ቀጥላ የመጣችው ሽሮ ይዛ ነው። ከእሷ ቀጥላ የመጣችው ዳቦ ቆሎ በትልቅ ቆርቆሮ። አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ የተፈለፈለ ኮረሪማ። አደራ የሚል ሰው የለም፤ መድኃኒት የሚያዝ የለም። መምህር አንሙት ቤቱ ሲሞላ እያየ ሳቀ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! የምንቆየው ሦስት ቀን ነው። በዚህ ሽሮ ሙዚየሙን ከነጎብኚው ቀልቦ መመለስ ይቻላል።»

የሳቀለት የለም። የይጁቤ ሰው ለመምህር አንሙት ቀልድ ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያው መሆኑ ነው። አንደኛዋ ሳል ሳይዛት ሳለች። የኔአለም የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደችና መልሳ አወረደችው።

ቀኑ እየመሸ ስለሆነ ምርቃት ይሁን ተባለ። በዕድሜ የሚበልጡት የዕድሩ ዳኛ አቶ አበባው ናቸው፤ ዘንጋቸውን ለሰው ሰጥተው ተነሡ። ሰው ሁሉ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። ሕሊና መሐል ላይ ጎንበስ አለች። መምህር አንሙት ሦስታቸውም ይመረቁ ብሎ ከጎኗ ሊቆም ነበር፤ ሥራነሽ ክንዱን ያዘችው።

«መንገድሽን ያቅናልሽ!»

«አሜን!»

«በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ!»

«አሜን!»

«ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ!»

«አሜን!» አለ መምህር አንሙት፣ ከሰው ሁሉ ጮክ ብሎ።

«በደኅና ገብተሽ፣ በሰው አገር እጅሽ ያፍራ፣ ለእናት ላባትሽ...»

መዳፉ እንደተዘረጋ ቀረ። አሜኑ ከአፉ ወጥቷል፤ አይመለስም። እግሩ ሥር ያለውን በርበሬ አየ። ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን አየ። እንዲህ ያለ ስንቅ መቼ መቼ እንደሚሰፋ ይጁቤ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። የሕሊና ጓደኛ የመሲ እናት ባለፈው ዓመት መሲን ወደ ሪያድ ስትሸኝ እሱ ራሱ አንድ ኪሎ ሽሮ አዋጥቷል።

የእማሆይ ወለተ ሰንበት ድምፅ ተሰማ። «የምን አሠሪ ነው? ሙዚየም ውስጥ አሠሪ ምን ይሠራል?»

ሰዉ አንድ በአንድ፣ ጉንጭ እየሳመ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰፈሩ ያላወቀው መምህሩ አለማወቁን ነው። ልጁን ዐረብ አገር የሚሰድ አባት ሐፍረት ይዞት «ሙዚየም ነው የምወስዳት» ይላል ብለው ነበር ያዘኑለት። ለክብሩ ሲሉም ሙዚየም ሙዚየም ሲሉ ከረሙ።

አቶ አበባው በመጨረሻ ወጡ። በር ላይ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና፣ «የኔዋ ስትሄድ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በአራተኛው ቀን ግን ይርባል» አሉት።

ሥራነሽ የመጡትን ዕቃዎች ከመሐል ወደ ጥግ ትሰበስባለች። እሱ በቆመበት ቀርቷል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት።

«ፎቶ ከመነሣቷ በፊት። ደላላው የፓስፖርት ቀጠሮ ለረቡዕ አስይዞላታል። መሲ ናት የምታስገባት፤ እሷ የምትሠራላቸው ሰዎች ዘመድ ቤት ነው አሉ።»

«አንቺ አውቀሽ፣ የኔአለም አውቃ፣ ዕድርተኛው ሁሉ አውቆ!»

«እኔ ለየኔአለም ነው የነገርኳት። ሌላውን እሷ ናት።»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ሥራነሽ የሽሮውን ቋጠሮ እንደያዘች ቆመች። «ልነግርህ መጣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማስመሪያ ይዘህ ሠንጠረዥ ታሰምር ነበር። ታፏጫለህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታፏጭ አልሰማሁም። እስኪጨርስ ልተወው ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም ስመጣ ያው ነህ።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው የት እንዳለ አጣው። ደብተሩን አንሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ሕሊና አጥሩ ሥር ከገመዱ ላይ ልብስ ታነሣለች። አባቷን ስታይ አልደነገጠችም። ያነሣችውን ቀሚስ አጠፈችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«አልወስድሽም» አላት።

«እሺ።»

«እሺ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እሺ ማለት እሺ ነው አባዬ። አንተ ካልወሰድኸኝ በመተማ በእግር የሚሄዱ አሉ፤ ሐሙስ ይነሣሉ። በበረሃ የሄዱት ምን እንደሚያገኛቸው ስለማውቅ ነው ካንተ ጋር በአውቶቡስ፣ በፓስፖርት፣ በአውሮፕላን ያልኩት። አንተ እንዳትሰቀቅ ብዬ ነው።»

«ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ይችላል። ዘንድሮ ባይሆን ለመስከረም...»

«ባለፈውም መስከረም ብለኸኛል።»

«አንቺኮ እንደነመሲ አይደለሽም! መሲ ከአንቺ ደብተር አይደል የምትገለብጠው?»

«አዎ» አለች ሕሊና። «አሁን እኔ ከእሷ ልገልብጥ።»

መምህር አንሙት አጥሩን ተደገፈ። የሚከራከርበት ነገር በደረቱ ሞልቷል፤ ሃያ ሁለት ዓመት በአፉ ሠርቶ የበላ ሰው ነው። ግን የሚናገረው ሁሉ ሰሌዳ ላይ እንዳለው አምፖል ሆነበት። ቢወስዳት በገዛ እጁ ሊሰጣት ነው። ባይወስዳት በረሃው ይወስዳታል። ሦስተኛ መንገድ ፈለገ፤ እንዲያው ለአንድ አፍታ፣ መንገዱ ነገ ቢዘጋስ ብሎ ተመኘ። ሁለት ዓመት ሲረግመው የኖረውን ነገር መመኘቱ ለራሱ ገረመው። መንገዱ ቢዘጋም መተማ በእግር ነው የሚኬደው።

«ትቀየመኝ እንደሆን አላውቅም» አለች ሕሊና ጀርባዋን ሰጥታው ልብስ እያነሣች። «ግን ያቺን ዕቅድ ሳያት ደስ ብሎኛል። ሰርዘህ ሰርዘህ የጻፍካትን አይቻታለሁ። ማታለል ፈልጌ አይደለም። አልቻልኩም ልልህ ብል አፌ እንቢ አለኝ።»

«ምኑን ነው ያልቻልሽው?»

«መጠየቁን። ምን ብዬ ልጠይቅ አባዬ? መልሱን ሁሉ አውቀዋለሁ እኮ።»

ከቤት ውስጥ እማሆይ ወለተ ሰንበት ሥራነሽን ሲጠይቁ ይሰማል። ሥራነሽ ስትመልስላቸው አይሰማም። ከዚያ የእማሆይ ድምፅም ጠፋ፤ ቆይቶ የመቁጠሪያ ኮሽታ ብቻ ቀረ።

መምህር አንሙት ደብተሩን ገለጠ። ሠንጠረዡ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ስክሪብቶው በደረት ኪሱ አለ፤ አወጣው፣ መልሶም ከተተው። ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት መኪና ላይ መሆን አለባቸው። ተቀምጦ ማውራት ፈለገ፣ ግን ድንጋዩ ላይ ዶሮዋ አለች፤ ሊያባርራት አልሆነለትም።

«እንዳላማውን ነግሬዋለሁ» አለ። «ሙዚየሙ በር ላይ እንደሚጠብቀን ነግሬዋለሁ። ጉብታ ወጥቼ ነው የነገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ከሄድን... መቼም ከሄድን አይቀር...» ደብተሩን ዘጋው። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ፣ ከኔ ጋር ትገቢያለሽ?»

ሕሊና የመጨረሻውን ልብስ ከገመዱ አወረደች፤ አራግፋ አየችው፤ ገና እርጥብ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ከሆነ» አለችው። «ጠዋት አሻራ አለብኝ።»